ከመስታወቱ ሣጥን ሥር

ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ የጦሳ ተራራ ጭጋግ እስከ ደሴው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወርዶ ካፊያ ይጥላል።

የኬሚስትሪ መምህሩ ስለሺ ከትልቁ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል፣ እጁን ወደ በሩ ዘርግቶ ወለሉ ላይ ሞቷል። ከንፈሩ ከልክ በላይ ቀልቷል። ከሰል እንዳፈነው ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገም። ኢንስፔክተር የኔነሽ በሩን ከውስጥ በኩል በጣቷ ዳሰሰችው፤ አዲስ የጥፍር ጭረት አለበት።

ከጥግ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ የመስታወት ሣጥን ቆሟል። ክዳኑ ወንፊት፣ ውስጡ ቅርንጫፍና ቅጠል፣ ወለሉ እርጥብ አፈር ነው። ኮምቦልቻ ይሠራ የነበረ ፈረንጅ መሐንዲስ ለስለሺ ትቶለት የሄዳቸው ሦስት ጌኮዎች፣ ዓይናቸው ላይ ሽፋሽፍት የሚመስል ጉትዬ ያላቸው እንሽላሊቶች፣ ይኖሩበት ነበር። ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛዋ ጭራዋን ጥላ ቅጠል ሥር ተወሽቃለች። ከጠረጴዛው ሥር የፕላስቲክ ምንጣፉ በክብ ተቃጥሏል።

«ማንደጃው የታለ?»

«እኔ ነኝ አውጥቼ የወረወርኩት» አለች ሚስቱ እስከዳር። «ጉንፋን ይዞት መድኃኒት ውጦ እዚህ ተኛ። እኔ ከትልቁ ቤት ነበርኩ፤ ምንም አልሰማሁም። ስመጣ በሩ ክፍት ነበር።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለወንድሙ ለጋሼ ደምመላሽ፣ ኮምቦልቻ ደወልኩ። ሞተ ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም።»

የጣቢያው አዛዥ ቁርጡን ተናግሯል፦ ከግቢው ያደረችው እሷ ብቻ ናት፤ እስከ ቀትር ሌላ ሰው ካልተገኘ እስከዳር ትታሰራለች።

«እነዚህን ማን ይንከባከባቸው ነበር?»

«እኔም እረዳው ነበር። የተፈጨ ሙዝ እሰጣለሁ፣ ውሃ እረጫለሁ። አንድ ቀን ይሙቃቸው ብዬ ሣጥኑን ፀሐይ ላይ ባወጣው ሁለት ቀን አኮረፈኝ።»

ሣጥኑን የሠራው አናጢ ጀላል ከሆጤ ሰፈር መጣ።

«ወላሂ፣ አራት ጊዜ አስፈርሶኛል! ‹ዛፍ ወጪዎች ናቸው፣ ሽቅብ አድርገው› አለኝ። በራሴ ጊዜ አምፖል ማንጠልጠያ ብጨምርለት ነቅሎ ጣለው። ‹ልታቃጥልልኝ ነው?› አለኝ። ለእንሽላሊት የደሴን ብርድ የሚመርጥ ሰው አይቼ አላውቅም!» ሳቀ፤ ወዲያው አፈረ። «አብሽሪ፣ እህቴ» አላት እስከዳርን።

ታላቅ ወንድሙ ደምመላሽ ጋቢውን እንደተከናነበ ደረሰ፤ ወደ ክፍሉ ሳይገባ ደጅ ላይ ቆመ።

«ምስኪን! እንሽላሊት እንዳይበርደው ከሰሉን ሣጥኑ ሥር ዶሎ ይተኛል?»

«መጨረሻ የመጡት መቼ ነው?» አለችው የኔነሽ።

«ለመስቀል። ከዚያ ወዲህ በሴት ልጄ በሰላም ሰርግ ጉዳይ ተይዤ ነበር።»

«ሰርጉ መቼ ነው?»

«ፈርሷል» አለች እስከዳር። «‹አጎቷ መተተኛ ነው፣ አውሬ ያረባል› ብለው የሙሽራው ሽማግሌዎች ቃላቸውን አጠፉ።»

ቀትር ሳይሞላ የኔነሽ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበች።

«ስለሺ ከውስጥ በሩን ቧጥጧል። ስለዚህ ከውጭ ተቆልፎበት ነበር፤ ከሞተ በኋላ ተከፈተ። የደሴ ሰው ሲበርደው ማንደጃውን የሚያስጠጋው ወደ አልጋው ነው። ይህ ግን ሣጥኑ ሥር ነበር። ያስቀመጠው ሰው፣ ስለሺ እንሽላሊቶቹን ሲያሞቅ ሞተ እንድንል ፈልጓል። ሙቀት እንደሚገድላቸው ስለሺ ያውቃል። በፀሐዩ የተኮረፈችው እስከዳር ታውቃለች። አምፖሉ የተነቀለበት ጀላል ያውቃል። እዚህ ከተቀመጡት የማያውቅ አንድ ሰው ነው።»

«ግምት ነው» አለ ደምመላሽ።

«ይሁን። ግን ማንደጃው እርስዎ ሳይደርሱ ወጥቷል፤ ወደ ክፍሉም አልገቡም። ሣጥኑ ሥር እንደነበር ማን ነገረዎት?»

ደምመላሽ እስከዳርን አያት።

«እኔ ሞተ ብቻ ነው ያልኩት፣ ጋሼ።»

ጋቢውን አስተካከለ። ድምፁ አልተለወጠም።

«ልጄ ከቤት መውጣት አፍራለች። እሱ ለአውሬ ሙዝ ይፈጫል።»

«ሲያንኳኳ ሰማህ?» አለች የኔነሽ። አንቱታው ቀርቷል።

«በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ‹እስኩዬ፣ ክፈቺልኝ› አለኝ። አንቺ መስዬው ነው» አላት ወደ እስከዳር ዞሮ። «ዝም እስኪል ቆየሁ። ከዚያ መቀርቀሪያውን ከፈትኩት።»

እስከዳር አላለቀሰችም። ተነሥታ የውሃ መርጫውን ይዛ ወደ ክፍሉ ሄደች።

የተረፈችው ጌኮ ጭራ ዳግመኛ አልበቀለም።