የመቀናጆው በሬ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት አጋማሽ፣ ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን አጥብቆ በተቀመጠበት ወራት፣ ከፈጣም ወንዝ ማዶ በጫካ የሰፈሩት አርበኞች በሬ ጥለው ግብር ተቀመጡ፤ በሬው ግን የእርሻ በሬ ነበር።

ግራዝማች አድማሴ ቆዳውን አይተው ለዩት። የባልቴቷ የአስካለ ማርያም በሬ ነው፤ እርሳቸውም እርሷም ያላቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ስለሆነ፣ መቀናጆ ገብተው በአንድ ቀንበር ያርሱ ነበር። ዝናቡ ጀምሯል፤ አሁን የሁለቱም ማሳ ጦም ማደሩ ነው። በሬውን አስነድቶ ያሳረደው የጎበዝ አለቃው ዘሩ ሻኛውን ቆርጦ በክብር ሲያቀርብላቸው አፋቸው መረረ።

ይህን ሰው ለአለቅነት ያጩት እርሳቸው ነበሩ። ከሹመቱ በፊት ገደል አፋፍ ወስደው የዝንጀሮ መንጋ አሳይተውታል፤ መንጋው ከእህል ገብቶ ሲበላ አውራው ሳይቀምስ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ «አለቃ ማለት ይህ ነው» ብለውታል።

«ልጄ፣ ያን አውራ ዝንጀሮ ረሳኸውን?» አሉት፣ ሥጋውን ሳይነኩ።

«እንዴት እረሳለሁ ግራዝማች?» አለ ዘሩ፣ አፉን በጋቢው ጠርጎ። «እርስዎ ቀድመው ሄዱ እንጂ እኔ ቆይቼ አየሁ። ከቋጥኙ ሲወርድ ከአንዲት እናት ዝንጀሮ አፍ ነጥቆ በላ፤ የተቆጣውም የለም። እኔም ስጠብቅ ውዬ እበላለሁ።»

ጭፍሮቹ ሳቁ። ያን ንጥቂያ ግራዝማችም ከልጅነት ጀምሮ ሲያዩት ኖረዋል፤ ለትምህርት ሲሆን ግን ደህና ደህናውን መርጠው ነገሩት። ዘሩንም ራሳቸውንም እኩል ተጸየፉ።

«ለሴቲቱ በሬ ተካላት» አሉ።

«ጠላት ሲወጣ እተካለሁ።»

«እስከዚያ ምን ትብላ?»

ዘሩ ሻኛውን አንሥቶ ለሌላ አጎረሰ።

በሬው አልተተካም። አስካለ ማርያም ማሳዋን ለአሜከላ ትታ፣ ኋላ ፍኖተ ሰላም ወደ ተባለው አገር ሄዳ የሰው እህል ስትፈጭ ኖረች፤ የት እንደ ተቀበረችም የሚያውቅ የለም።

ዘሩ በእውነት ጀግና ነበር፤ ከጠላት ብዙ መሣሪያ ማርኳል፤ ይህን የሚክድ ውሸታም ነው። ነፃነት ተመልሶ መንግሥት በሾመው ቀን፣ መሪነትን ከማን ተማርህ ቢባል፣ በሕዝብ ፊት እጁን ዘርግቶ ወደ ግራዝማች አድማሴ አመለከተ፤ እልልታው ቀለጠ። ያገሩ ሰው ሽማግሌውን እስከ ዛሬ የሚያስታውሳቸው በዚሁ ብቻ፣ የዘሩ መምህር እየተባሉ ነው። እርሳቸው ግን ተረስተው ቢቀሩ በወደዱ ነበር።