ሞቶ የጻፈው ኮምፒዩተር

መሐንዲሱን ረቡዕ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ያገኘችው የቢሮው ጸሐፊ ናት። እንቅልፍ የጣለው መስሏት «ጋሼ፣ ኧረ ጋሼ» እያለች ትከሻውን ነቀነቀችው። ትከሻው ቀዝቅዟል። በቀኙ የተጋመሰ ሻይ፣ በግራው ሁልጊዜ ከመሳቢያው የማይወጣው የእንቅልፍ ኪኒን ብልቃጥ ባዶውን ተቀምጧል። ጎኑ ያለው ፕሪንተር አፍ ላይ አንድ ወረቀት ነበር። «ልጄ ሰኞ ዕለት ‹ፈሪ ነህ፤ ልጅህ መባል ያሳፍረኛል› አለችኝ። ከዚህ በኋላ መኖር አልችልም» ይላል። ፊርማ የለውም።

እንግዲህ ይህን ያነበበች ልጅ ምን ትሁን? እሷም እንደ አባቷ የሕንፃ መሐንዲስ ናት። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ እንባ እንኳ እምቢ ብሏታል። ለመጣው ፖሊስ ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ምርመራው የተሰጣቸው ሴትዮ ባልደረቦቻቸው «ወይዘሮ ለምን» የሚሏቸው ናቸው። አጠር ደልደል ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽሬ የት ሄደ የሚሉ ሰው ናቸው። በዚህ የሳቀባቸው ሁሉ፣ ተራው ደርሶ ሲጠየቅ ላብ ያጠምቀዋል።

«ብለሽው ነበር?» ሲሉ ልጅቱን ጠየቋት።

«ቃል በቃል። የአባቴ የሥራ ሸሪክ የሚያስገነባው የትምህርት ቤት ፎቅ ምሰሶው ቀጭን ነው፤ ብረቱም ተቀንሶበታል። አባቴ ያውቃል፤ ግን ዝም አለ። ተናደድኩና… ምላሴን በቆረጠው!»

«ስትናገሪ ማን ሰማሽ?»

«ሸሪኩም ጸሐፊዋም እዚያው ነበሩ።»

«በይ ቁጭ በይ። በራስሽ ላይ ፍርድ አትስጪ፤ እኔ ገና መች ጠየቅኩና!»

ወደ ክፍሉ ገብተው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ለአራት ታጥፎ የነበረ ወረቀት ነው፤ እጥፋቱ በግልጽ ይታያል። ጠረጴዛው ሥር ያለው ቆሻሻ መጣያ በእርሳስ ፍቅፋቂ ተሞልቷል። ከቁም ሳጥኑ አናት ረጅሙ የንድፍ ማስመሪያ ወርዶ፣ የዓመታት አቧራው ተወልውሎ ግድግዳ ተደግፏል። በእርሳስ የተሠራ አንድም ንድፍ ግን የለም።

«ኮምፒዩተር ያለው ሰው ለምን እርሳስ ይቀርጻል?» አሉ ለራሳቸው። የኮምፒዩተሩን ማብሪያ ተጫኑ። ጭጭ። ደግመው ተጫኑ። ጭጭ።

የሠፈሩ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ተጠርቶ መጣ። እጁ ሲሠራ አፉም አብሮ የሚሠራ ሰው ነው።

«መጀመሪያ ሞኝ የሚያስመስለው ጥያቄ ነው የሚጠየቀው፤ መብራት አለ ወይ?» አለና የጠረጴዛውን መብራት ሶኬቱ ላይ ሰካ። በራ። «ሶኬቱ ደህና ነው።» የፕሪንተሩን ገመድ ነቅሎ ኮምፒዩተሩ ላይ ሰካ። አሁንም ጭጭ። «ጥፋቱ የገመዱም አይደለም።» ከዚያ ሳጥኑን ከግድግዳው አላቀቀና አፍንጫውን ከበስተኋላው አስጠግቶ አሸተተ። «እህ! ፓወር ሳፕላዩ ተቃጥሏል። ከግድግዳ መብራት ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ይህችን ቀይ የቮልት መምረጫ አዩዋት? ግድግዳው የሚሰጠው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነው፤ እሷ መቶ አሥራ አምስት ላይ ተገፍታለች። እንዲህ ሆና ማብሪያውን ለተጫነ ሰው የሚደርሰው ‹ቧ!› የሚል ድምፅና ጭስ ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ፊደል አይወጣውም።»

«በራሷ ትገፋለች?»

«ወይ ፍንክች! ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ጣት አያስገባም። ቀጭን ነገር ነው የነካት፤ ይኸው ጭረቱ።»

ወይዘሮ ለምን መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። በሩ ላይ የቆመችውን ጸሐፊ፣ ቀጥሎም ፀጉሯን የያዘውን ቀጭን ሽቦ አዩ። 

ሸሪኩ የተተኮሰ ሱፍ ለብሶ፣ ቦርሳውን እግሩ ሥር አስቀምጦ፣ በመሐረብ ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

«ማክሰኞን እስቲ ይንገሩኝ» አሉት።

«ቀኑን ሙሉ ግንባታው ላይ ዋልኩ። እዚህ ብቅ ያልኩት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ጸሐፊዋ ሄዳለች። እሱ ኮምፒዩተሩ ላይ አፍጥጦ ይጽፋል፤ ቀና ብሎም አላየኝ። ስወጣ ፕሪንተሩ ሲንጫጫ ሰማሁ። ምነው ያኔ ተመልሼ ባየሁት ኖሮ!»

«ኮምፒዩተሩ ዛሬ ለምን እምቢ አለ?»

«እኔ ምኑን አውቄ? መብራት ሄድ መጣ ሲል ያቃጥል የለ?»

«ያቃጥላል» አሉ ወይዘሮ ለምን።

ጸሐፊዋን ለብቻ ወስደው አነጋገሯት። ማክሰኞ ምን እንደሠራች ሲጠይቋት «ጽዳት… ምንም» አለች፤ እጇ ወደ ፀጉሯ ሄደ።

«ለምን ፈራሽ፣ ልጄ?»

«እንጀራዬን ነው የምፈራው። ከዚህ ብባረር ልጆቼን በምን ላሳድግ?»

«እዚያ ኮሪደር ላይ ያለችው ልጅ አባቴን ገደልኩ ብላለች። የምታውቂው ነገር ካለና ዝም ካልሽ፣ ይህን ተሸክማ ነው የምትኖረው።»

ጸሐፊዋ ከንፈሯን ነከሰች። የሰው ልጅ ፍርሃት ክፉ ነው፤ ደጉንም ሰው አፉን ይለጉመዋል።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ሁሉም በሟቹ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ልጅቱ መስኮቱ ሥር፣ ሸሪኩ ከበሩ አጠገብ፣ ጸሐፊዋ በመካከል ተቀመጡ። ጠጋኙ ጨዋታው እንዳያመልጠው ሳጥኑን እንደ ፈታ ወለሉ ላይ ቀርቷል።

«ከወረቀቱ እንጀምር» አሉ ወይዘሮ ለምን። «ፕሪንተር አፍ ላይ ያለ ወረቀት ለምን ለአራት ይታጠፋል? ሌላ ቦታ ታትሞ በኪስ የመጣ ነው።»

«ራሱ አጥፎት ይሆናላ» አለ ሸሪኩ።

«አጥፎ፣ ዘርግቶ፣ መልሶ ፕሪንተሩ ላይ? ይሁንልዎ። እርሳሱስ? መጣያው ሞልቷል፤ ሰውዬው ማክሰኞን በእርሳስ ሲሠራ ነው የዋለው። ኮምፒዩተሩ ደህና ቢሆን ያን አሮጌ ማስመሪያ ምን ያደርግለታል? እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ማክሰኞ ጠዋት ሞቷል። ይህን የምታውቅ አንዲት ሰው አለች፤ ፀጉሯ ላይ ያለው ሽቦም ያውቃል።»

 ጸሐፊዋ ልጅቱን አየቻት፤ ልጅቱም አየቻት። ከዚያ ሽቦውን ከፀጉሯ መዝዛ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«እኔ ነኝ ያቃጠልኩት! አቧራውን በዚህ ስጭር ቀይዋ ተንሸራተተች፤ ምን እንደሆነች በምን ላውቅ! ጋሼ ሦስት ሰዓት ላይ ገብተው ሲጫኑት ቧ አለ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ‹ተነሺ። ለሸሪኬ እንዳትነግሪው፤ ያባርርሻል። ነገ ጠጋኝ ጠርቼ እኔ ነኝ ያበላሸሁት እላለሁ› አሉኝ። ከዚያ እየሳቁ ‹እጄ እርሳስ አልረሳ ይሆን?› ብለው ማስመሪያውን አወረዱ። ዛሬ ወረቀቱን ሳይ ደነገጥኩ፤ በምን አተሙት አልኩ። ግን ፈራሁ!»

ወይዘሮ ለምን ወደ ሸሪኩ ዞሩ።

«ይህ ፕሪንተር ከዚህ ኮምፒዩተር በቀር የተያያዘበት የለም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሞተ ኮምፒዩተር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰው ሲጽፍ ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። የእንቅልፍ ኪኒኑ መሳቢያው ውስጥ እንደሚቀመጥ ያውቃሉ። ሰኞ ልጅቱ ያለችውንም ሰምተዋል። ኪኒኑን ሻዩ ውስጥ አሟሙተው ሰጡት፤ ወረቀቱን ከኪስዎ አውጥተው አስቀመጡ። መበላሸቱን ግን አላወቁም፤ ሟቹ ለዚህች ሴት ብሎ ደብቆዎታላ! በሉ፣ ያ ቦርሳ ይምጣ። የጻፉበት ላፕቶፕ ውስጡ ሳይሆን አይቀርም።»

ሸሪኩ ቦርሳውን በእግሩ ወደ ኋላ ገፋው።

«ፎቁ እኮ ቆሟል!» ብሎ ጮኸ። «ምንም አይሆንም ነበር! እሱ ነው ጠዋት ደውሎ ‹ነገ አመለክታለሁ› ያለኝ…»

«ስለ ፎቁ ማን ጠየቀዎት?» አሉ ወይዘሮ ለምን።

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። 

«አንድ ‹ለምን› ቀረኝ» አሉ ሴትዮዋ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የቀን ሙሉ ሥራ ለምን እዚህ የለም? የት ሄደ፣ ልጄ?»

ጸሐፊዋ ከራሷ ቁም ሳጥን አንድ የካርቶን ቱቦ አመጣች። «ልወጣ ስል ነው የሰጡኝ፤ ‹ነገ ለልጄ አድርሺልኝ› ብለው። ይህን ካወጣሁ የኮምፒዩተሩም ነገር ይወጣል ብዬ… ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

ልጅቱ ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የፎቁ ምሰሶዎች ናቸው፤ የእያንዳንዱ ውፍረት፣ ብረት፣ የሚሸከመው ክብደት በጥንቃቄ ተጽፏል። ጥጉ ላይ በአባቷ እጅ እንዲህ ይላል፦ «ልክ ነሽ፣ ፈርቼ ነበር። ሁሉንም እንደገና አስልቼዋለሁ። ነገ አብረን እናስገባው። በእርሳስ ነው፤ የተሳሳትኩት ካለ አጥፊው።»

ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። እያለቀሰች ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ ተከተለች። የሚጠፋ አንድም አላገኘችም። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የአባቷን እርሳስ አነሳች፤ ከጽሑፉ ሥር ስሟን፣ ከስሟ ቀጥሎም የአባቷን ስም ጻፈች።