ያልተበላሸው ፍሬን

የኮሪን ዴቭሪስ መከራ የመኪናዋ ጤነኛነት ነበር።

ሌላው ሰው መኪናው ሳይበላሽበት ሲውል ፈጣሪውን ያመሰግናል። ኮሪን ግን ጠዋት ሞተሩን አስነስታ ስክሪኑ ላይ አንድም ችግር አለመኖሩን ስታይ ፊቷ ቅጭም ይላል። «ምናለ አንድ ቀን እንኳ ብትሳሳት?» ትለዋለች መኪናውን። መኪናው ወይ ፍንክች። በረዶ ሲያይ ቀስ ይላል፣ መስመሩን ጠብቆ ይሄዳል፣ ክሊኒኳ ደጃፍ በሰላም ያደርሳታል። ኮሪን እዚያ የሰው ጥርስ ስታጸዳ ትውላለች፤ ሐሳቧ ግን ሌላ ቦታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ፣ ግራንድ ራፒድስ ከተማ ውስጥ አንድ የመኪና ኩባንያ ነጂውን የሚያግዘውን አዲሱን ሶፍትዌሩን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ስልሳ ለሚሆኑ ተራ ነጂዎች መኪና ላይ ጭኖ ያስሞክር ነበር። ጡረተኛ አለ፣ ፒዛ አመላላሽ አለ፣ ልጆቿን ጭና ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት አለች። የሚጠበቅባቸው እንደ ወትሯቸው መንዳት ብቻ ነው። መኪናው ሲሳሳት መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነው የሆነውን በቃላቸው ይናገራሉ፤ ሰኞ ጠዋት የኩባንያው ቡድን በሙሉ ተሰብስቦ ያዳምጣል። ችግሩ ከበድ ካለ ደግሞ መሐንዲስ ይላካል። ጋቢና ተቀምጦ፣ ብልሽቱን በዓይኑ እስኪያይ ድረስ አብሮ ይዞራል።

መሐንዲሱ ኢላይ ካንትሬል ይባላል። ኮሪን ብልሽት የምትመኘው በእሱ ምክንያት ነው።

የተዋወቁት በአጋጣሚ ነበር። ኅዳር ላይ የበረዶ ጎማ ልታስገጥም የኩባንያው መኪና መሸጫ ግቢ ስትገባ፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ ረጅም ሰው በሩን ከፍቶ ጋቢና ቁጭ አለና ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘረጋ።

«ዝግጁ ነሽ? እንሂዳ!» አላት።

«ወዴት?»

«ወደ ፈለግሽው። አንቺ ንጂ፣ እኔ አያለሁ።»

ኮሪን ጎማ ገጣሚዎቹ አስቀድመው አብረው እየዞሩ የሚመረምሩ መስሏት ነዳች። ሰውየው ስለ ስክሪኑ ይጠይቃታል፣ የቱ እንደሚመቻት፣ የቱ እንደሚያናድዳት። እሷም ያለ ይሉኝታ ትመልሳለች።

«ይሄ ስክሪን ቁርጥ አክስቴን ነው» አለችው። «ሳልጠይቀው ይመክረኛል፣ ስጠይቀው ያኮርፋል።»

ኢላይ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ አያት። እሷም ቀይ መብራት ላይ ቆመው ስለነበር አየችው። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ እስኪያደርግ ድረስ ሁለቱም አልተነቃነቁም።

ከተማውን ዞረው ሲመለሱ «ለመሆኑ ጎማው መቼ ነው የሚገጠመው?» አለች።

«የምን ጎማ?»

ተያዩ። ኢላይ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። «አንቺ... ለሙከራው የተመዘገብሽ አይደለሽም እንዴ?»

«የምን ሙከራ?»

በዚያው ቀን ተመዘገበች። ጎማውን ረስታው ሄደች።

ከዚያ በኋላ ግን ኢላይ ጠፋባት። ለምን ይምጣ? መኪናዋ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው የቫለሪ ስቶክ መኪና ነበር።

ቫለሪ ቤት ታሻሽጣለች። ሳቋ ከግቢው ማዶ ይሰማል፣ ቀይ ካፖርቷ ደግሞ ከዚያም ርቆ ይታያል። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ሞካሪዎቹ መኪና መሸጫው ግቢ ተገናኝተው ዶናት እየበሉ ብልሽት ያወራሉ። የወሩን ምርጥ ብልሽት ያመጣ ሰው ዳሽቦርዱ ላይ የሚያስቀምጣት ቢጫ የፕላስቲክ ዳክዬ ይሸለማል። ቫለሪ ዳሽቦርድ ላይ ዳክዬዎቹ ተሰልፈዋል። ኮሪን አንድም የላትም።

«ስሙ እስቲ!» ትላለች ቫለሪ የኢላይን ክንድ ይዛ። «ደንበኛዬን ቤት ላሳይ ስሄድ መኪናው መንገድ ዳር የተሠራ የበረዶ ሰው አየ። ቀጥ! ሊሻገር ነው ብሎ እኮ ነው። እኔ ልለምነው፣ ደንበኛዬ ይለምነው፣ ወይ ንቅንቅ! ወርጄ የበረዶውን ሰው አንገት እስክቆርጥለት ድረስ አላለፈም።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ኢላይም ሳቀ። ያ ከት የሚለው ሳቅ የእኔ ነው ብላ ነበር ኮሪን፤ አሁን ለሌላ ሲታደል አየች።

«ሰኞ እመጣለሁ» አላት ኢላይ ቫለሪን። «ሠፈሩን አብረን እንዞራለን።»

ኮሪን የያዘችውን ዶናት ሳትጎርስ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው።

ሰኞ ክሊኒክ ስትገባ እንግዳ ተቀባይዋ ሎሬታ ገና ከበሩ አወቀችባት። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ የበሽተኛ ድድ እንዳታደሚ። ምን ሆነሻል?»

«ቀናሁ» አለች ኮሪን ቁጭ ብላ። «በሰው መኪና ብልሽት ቀናሁ። ቫለሪ እኮ የበረዶ ሰው አላት! እኔ ምን አለኝ?»

«ጤነኛ መኪና አለሻ!»

«ይሄን ጤና ነው ያልወደድኩት።»

በዚያው ቀን ከሥራ ወጥታ ግራንድ ወንዝ ድልድይ ላይ ስትደርስ ቁልፉን ተጫነች። ምን እንደምትል አልወሰነችም ነበር። አፏ ቀደማት። «ድልድዩ ላይ... ፍሬኑ በራሱ ያዘ። ማንም ሳይነካው።»

የፍሬን ጉዳይ ሰኞን አይጠብቅምና በማግስቱ ኢላይ ጋቢናዋ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ድልድዩን ተሻገሩ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ተሻገሩ። ፍሬኑ ምንም አላለም። ኢላይ ላፕቶፑን አይቶ አይቶ ቀስ ብሎ ከደነው።

«ዛሬ አልታየም» አለ። «ሐሙስ ልምጣ?»

«ና» አለች ኮሪን፣ ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ቸኩሎ።

ሐሙስ መጣ። በሚቀጥለውም ሳምንት መጣ። ላፕቶፑን መክፈት እየተወ ሄደ። ሳንድዊቿን ለሁለት ይካፈላሉ፣ ከወንዙ ዳር ቆመው በረዶ ሲወርድ ያያሉ። በዚያ መሀል ኮሪን የእጁን ጀርባ በቃሏ እስክታውቀው ድረስ አየችው።

«ደንብ አለብን» አላት አንድ ቀን መስኮቱን እያየ። «ሠራተኛ ከሞካሪ ጋር... የግል ነገር አይፈቀድም። ሶፍትዌሩ እስኪለቀቅ ድረስ። ሲለቀቅ ሙከራው ያበቃል። ያን ቀን አንድ ነገር ልጠይቅሽ አስቤያለሁ።»

ኮሪን በደስታ መንሳፈፍ ብቻ ቀራት። «መቼ ነው የሚለቀቀው?»

«የካቲት ላይ ነበር። አሁን ግን ተራዘመ። በፍሬን የሚቀልድ የለም። ድልድዩ ላይ የሆነው ነገር ሳይገኝ አይለቀቅም ተባለ።»

ኮሪን ክው አለች።

ጉዱ ግን በዚህ አላበቃም። አለቆቹ ያ ችግር ሌላ መኪና ላይም እንዳለ ይጣራ አሉ። የኮሪንን ዓይነት መኪና፣ በዚያው ዓመት የተሠራ፣ የሚነዳ ማን ተገኘ? ቫለሪ። ከዚያ ወዲያ ኢላይ የሚውለው በቫለሪ ጋቢና ሆነ። ኮሪን ጥርስ እያጸዳች በክሊኒኩ መስኮት ቀና ስትል ቀዩን ካፖርት መሪው ላይ፣ የተንጨባረረውን ፀጉር ከጎኑ አየች። ሁለቱም ይስቃሉ። ወደ ድልድዩ እየሄዱ ነው፤ ወደ እሷ ድልድይ!

«ሎሬታ፣ አየሽልኝ? አየሽልኝ?»

ሎሬታ ሁሉን ነገር ታውቅ ነበርና አላዘነችላትም። «ምን ልይልሽ? እጁን ይዘሽ የሰጠሻት አንቺ ነሽ እኮ! የሌለ ፍሬን ፈጥረሽ፣ ሰውየውን በሰው መኪና አሳፍረሽ፣ አሁን መስኮት ላይ ተለጥፈሽ ታለቅሻለሽ።»

«እውነቱን ብናገር ይጠላኛል።»

«ባትናገሪስ?»

ባትናገር ሶፍትዌሩ አይለቀቅም፣ ሙከራው አያበቃም፣ ጥያቄውም አይጠየቅም። ኢላይ ዕድሜ ልኩን በቫለሪ ጋቢና ድልድይ ሲሻገር ሊኖር ነው። ብትናገር ደግሞ ውሸታም ናት። የቱን እንደምትፈራ ለራሷም አልለይ አላት። ቅናቱ ግን ሌት ተቀን ያንገበግባታል፤ በመጨረሻ ያደፋፈራትም እሱ ነው።

መጋቢት ላይ፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ኢላይ ወደ እሷ መኪና ተመልሶ መጣ። ከስቷል። ዓይኖቹ ሥር ጠቁሯል። ድልድዩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ዳር ይዛ ቆመች።

«ምነው?» አላት። «ፍሬኑ ነው?»

«ፍሬኑ ደህና ነው። ያኔም ደህና ነበር። ዋሽቼ ነው ኢላይ። ምንም አልያዘም። ቫለሪ መኪና ላይ መቀመጥህ አቃጠለኝ። በሳቋ ቀናሁ፣ በበረዶ ሰውዋ ቀናሁ፣ በእነዚያ ዳክዬዎቿ ሳይቀር ቀናሁ። እንድትመጣልኝ ብዬ ነው።»

ኢላይ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ኮሪን ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች። ወርዶ ይሄዳል ብላ ጠበቀች። ሁለቱም ሳይሆኑ ሲቀሩ በራሷ ላይ እሷው ፈረደች።

«ላንተ ብቻ መናገሬ አይበቃም» አለች፣ ቁልፉንም ተጫነች።

«ኮሪን፣ ቆይ...»

አልቆየችም። «ኮሪን ዴቭሪስ ነኝ። ድልድዩ ላይ ፍሬን ያዘ ያልኩት ውሸት ነው። ያዋሸኝ ቅናት ነው። አብሮኝ የሚዞረውን መሐንዲስ እወደዋለሁ፤ ሌላ ሴት መኪና ላይ ሳየው አላስችል አለኝ። ሁላችሁንም ሥራ ስላስፈታኋችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሰኞ ጠዋት ሃያ ሰው ቡናውን ይዞ ይህን ሊሰማ ነው። ጣቷን ከቁልፉ ልታነሳ ስትል የኢላይ እጅ መጥቶ በላዩ ላይ አረፈ። ቁልፉ እንደተጫነ ቀረ።

«ኢላይ ካንትሬል ነኝ» አለ፣ ወደ መሪው ጎንበስ ብሎ። «ፍሬኑ እንዳልያዘ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። መኪናው ራሱ በላፕቶፔ ይነግረኛል። በዚያው ዕለት ጉዳዩን መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁትም፤ እዚህ ጋቢና መቀመጥ ስለፈለግሁ ነው። በኋላ ነገሩ አለቆች ጆሮ ደርሶ ከእጄ ሲወጣ ፈራሁና ዝም አልኩ። ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም።»

እጁን አላነሳም። እሷም አላነሳችም።

«ታውቅ ነበር?» አለች ኮሪን፣ ድምፅዋ ሰልሎ።

«አውቅ ነበር።»

«አውቀህ እያለ ነው ከቫለሪ ጋር ስትስቅ የነበረው?»

ኢላይ ያን ከት የሚል ሳቁን ለቀቀው። «ኮሪን፣ ቁልፉ እኮ አሁንም እንደተጫነ ነው!»

ሁለቱም እጃቸውን በድንጋጤ አነሱ።

ኮሪን በሳምንቱ ከሙከራው ተሰናበተች። ኢላይ አልተባረረም፤ ግን ከሶፍትዌሩ ቡድን ተነስቶ የወንበር ማሞቂያ ወደሚሠራው ክፍል ተዛወረ። የሥራ ጓደኞቹ እስከ ዛሬ ድረስ ፍሬን በያዙ ቁጥር ስሙን ይጠራሉ። ሶፍትዌሩ ግንቦት ላይ ተለቀቀ። ለምረቃው ግብዣ ሁለቱንም የጠራቸው አልነበረም፤ ቫለሪ ግን ተጠርታ ነበር፣ በቀይ ካፖርቷ። ኮሪን ፎቶውን አይታ «በግንቦት ካፖርት!» ብላ ጥቂት ቀለል አላት።

በዚያ ቀን ኢላይ ያሰበውን ጠየቃት። እሺ አለችው። ቀለበቱ ጣቷ ላይ ትንሽ ሰፋ ስላለ መሪውን በጥንቃቄ ያዘች፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሐይቅ ሊሄዱ ተነሱ። የተለቀቀው ሶፍትዌር እንደ ማንኛውም ሰው መኪና የሷም ላይ ተጭኗል። ኢላይ ጋቢና ገብቶ በሩን ሲዘጋ ከስክሪኑ ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ ወጣ።

«ደህና ዋልክ ኢላይ። ወንበርህን አሙቄልሃለሁ።»

ኮሪን ሞተሩን አጠፋች።

«ማን ናት?»

«መኪናው ነው እኮ የኔ ፍቅር! የኛ ክፍል ሥራ ነው፣ የተቀመጠውን ሰው ያውቃል...»

«እኔን መቼ ነው "አሙቄልሻለሁ" ያለችኝ?»

ኮሪን ስክሪኑን እየነካካች ድምፁን የምትቀይርበትን ቦታ ፈልጋ አገኘች፤ የወንድ መረጠች። ሞተሩ እንደገና ሲነሳ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ የጎልማሳ ድምፅ መስኮቱን እስኪያነዝር ድረስ ተናገረ።

«ደህና ዋልሽ ኮሪን። ዛሬ ደስ ብሎሻል መሰለኝ።»

«ኧረ በጣም!» አለችው ኮሪን እየሳቀች።

ኢላይ እጁን ሰደደና ድምፁን ጨርሶ አጠፋው።