የሐሙሱ ፔርሙዝ

ሬሳው ታጥቦ ሊከፈን ነበር። ኢንስፔክተር እንደሻው ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ ወዳለው የሟቹ የሀሚድ ግቢ ሲገባ ቃሬዛው ተዘጋጅቶ፣ የሰፈሩ እድር የሆነው የአፎቻ ማኅበርተኞች ለቀብር ቆመው አገኛቸው።

“ቀብሩ ለጊዜው ቆሟል” አለ።

መልሳቸው ፊታቸው ነበር፤ ሁሉም ጠቆረበት። ሙስሊም በሞተበት ቀን ይቀበራል። ያንን የሚያግደው ደግሞ ከጎጃም የተመደበ፣ ማዕተቡ ከአንገቱ የሚታይ ፖሊስ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። እንደሻው ሐረርን ከመጣ ጀምሮ አልወደዳትም፤ እሷም አልወደደችውም። በዚህ በኩል ሒሳባቸው እኩል ነው።

የጠራው የሟቹ ታናሽ ወንድም አሕመድ ነው። በእጁ የሌሊት ሸሚዝ ይዞ ነበር። አጣቢዎቹ ከሬሳው ላይ ሲያወልቁት ጀርባው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ የልጆች ኳስ ተሰፍቶ ተገኘ።

“ሚስቱ ናፊያ ናት የሰፋችው” አለ አሕመድ። “ድግምት ነው። ወንድሜን በላችው።”

ጎረቤቱም የሚጨምረው አላጣም። ሀሚድ ተኝቶ እንደሚታነቅ ሰው ሲያጓራ በግድግዳ ሲሰሙ ከርመዋል። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ናፊያ ባሏ አፍንጫ ላይ እንደ ኩንቢ ያለ ነገር ስታስር በዓይኗ አይታለች። ከሁሉ የከፋው ግን የዓርብ ጠዋቱ ነው። ፀሐይ ከወጣ በኋላ በሩን ገፍተው ሲገቡ ናፊያን ከቀዘቀዘው ሬሳ አጠገብ እንቅልፍ ወስዷት አገኟት። ቀስቅሰው ቀስቅሰው በመከራ ነቃች። ባሏ አጠገቧ ሲሞት የምትተኛ ምን ዓይነት ሴት ናት?

እንደሻውም ይህንኑ ጠየቃት።

“ጎረቤት የሰማውን አንቺ ጎኑ ተኝተሽ አትሰሚም?”

“ሌላ ቀን እሰማለሁ። ትንፋሹ ሲቆም እነቃለሁ፣ በጎኑ አዞረዋለሁ። ትናንት ሌሊት ግን የንጋት ሶላት ሱብሒ እንኳ አመለጠኝ። ወላሂ፣ ምን ዓይነት እንቅልፍ እንደሆነ አላውቅም።”

“ኳሱስ?”

“በጀርባው እንዳይተኛ ነው። የሚታከምባት ሐኪም ናት ስፉለት ያለችን።”

እንደሻው ሳቀ። ደግ ሳቅ አልነበረም። ሬሳውን ለምርመራ፣ ሴትዮዋን ለማረፊያ ቤት ላካቸው። አሕመድም የወንድሙን ቤት ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ሐኪሟ ግን እውነትም ነበረች። ዶክተር ብሌን ኢንስፔክተሩን ቁጭ በል እንኳ ሳትለው አፋጠጠችው። ሀሚድ ሲተኛ የጉሮሮው ሥጋ እየላላ የአየር መንገዱን ይዘጋበታል፤ ትንፋሹ ይቆማል፤ አንጎሉ ሲጨንቀው ያባንነዋል፣ እንደገና ይተኛል፣ እንደገና ይቆማል። እንዲህ ሲያድር ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋል። በሽታው እንደ ሰውየው መፍትሔ አለው፦ ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛት፣ ለአንዳንዱ የአፍ ውስጥ መያዣ ወይም ቀዶ ሕክምና። ሀሚድ ስለጠናበት ግን በጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮውን ከፍቶ የሚያቆይ ማሽን ታዘዘለት። ኩንቢ የተባለው እሱ ነው።

“መብራት ሲጠፋስ?”

“ኳሱና ሚስቱ ናቸው የሚያተርፉት። ያቺን ሴት ነው ያሰርከው” አለችው። “አጥብቄ የከለከልኩት የእንቅልፍ ክኒን ነው። ጉሮሮውን ይበልጥ ያላላዋል፤ መባነኑንም ይነሳዋል።”

ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ በመስመር ጥገና ምክንያት በዚያ ሰፈር መብራት አልነበረም። እንደማይኖርም ቀደም ብሎ በመኪና ተለፍፏል። እንደሻው ናፊያን ሊፈታት ዳዳውና ተወው። ባሏን ለመግደል እንደ እሷ የሚመቸው ማን አለ? አሕመድንም ጠረጠረው፤ ሀሚድ የሚኖርበትን የአባታቸውን ቤት ለማግኘት ቸኩሏል። ይሁንና ያን ዕለት ወደ ማታ ወርዶ ድሬዳዋ ማደሩን ብዙ ሰው መሰከረለት።

ቀጥሎ የልብስ ሰፊዎች መንደር ወደሆነው መኪና ግርግር ወርዶ፣ ሐሙስ ዕለት ሀሚድ ቤት የነበረውን ናስርን አነጋገረው። ናስር ጨርቅ ሻጭ ነው፤ ሽበታም፣ ዝምተኛ። የእሱንና የሀሚድን ነገር ሐረር ሁሉ ያውቀዋል። ሀሚድ በሽታው ሳይታወቅ በፊት መኪና እየነዳ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ አንቀላፋ፤ አብራው የነበረችው የናስር ልጅ ሐያት ሞተች። ሽማግሌ ገባ፣ ፋቲሐ ተቀራ፣ ናስር ይቅር አለ። እርቁ እንዲጸና ሐሙስ ሐሙስ ከናስር ቤት ወደ ሀሚድ ቤት ሆጃ እንዲሄድና አብረው ጫት እንዲቅሙ ሽማግሌዎቹ አዘዙ። ሆጃ የቡና ገለባ ከወተት ጋር ፈልቶ የሚጠጣ ነው። ናስር አንድም ሐሙስ ሳያጓድል ፔርሙዙን ራሱ ይዞ ይሄድ ነበር።

ናስር ለእንግዳው ሻይ በወተት አስመጣለት። እንደሻው ጾም ላይ ነኝ ብሎ ገፋው፤ ሁዳዴ ነበር።

“ሐሙስ ዕለት ሆጃውን እርስዎም ጠጡ?”

“እኔም እንደ እርስዎ ጾም ላይ ነበርኩ” አለ ናስር።

መልሱ እንደሻውን ደስ አሰኘው። በዚህ ከተማ የሚያከብረው ሰው ያገኘ መስሎት እጁን ጨብጦ ወጣ።

የምርመራው ውጤት ከአዲስ አበባ የመጣው ዘግይቶ ነው። በሀሚድ ሆድ ውስጥ ብዙ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኝቷል። አሕመድ ይህን ሲሰማ ጠረጴዛውን መታ። ያጠጣችው እሷ ናት፣ ምን ትጠብቃላችሁ አለ። እንደሻው አስቀመጠውና ያን ከሰዓት ማን ምን እንደቀመሰ ጠየቀው። ሆጃውን ከሀሚድ በቀር ማንም አልጠጣም። አሕመድ ለስላሳ ነበር የያዘው። ሀሚድ ደግሞ ልማዱ ነው፤ ጫቱ ሲያበቃ ማምሻውን ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን ለሚስቱ ያስቀምጣል።

“ናስርማ ጾም ላይ ነበር” አለ እንደሻው።

አሕመድ ትክ ብሎ አየው። “የምን ጾም? ከእኔ እኩል ሲቅም አልነበረም እንዴ?”

እንደሻው ጆሮው ድረስ ጋለ። የእሱ ጾም ወተት ይከለክላል። የእነሱ ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ ጫት ቀርቶ ውሃም አያስቀምስም። ይህን ሐረር ያለ ሕፃን ያውቀዋል፤ እሱም ያውቀዋል። ግን ወተት የገባበት ነገርና ጾም የሚሉትን ሲሰማ በራሱ ቤት መስፈሪያ ሰፈረው። ናስር የእሱኑ ሰበብ ተውሶ መልሶ አጎረሰው። ናፊያም ያን ዕለት ያን ያህል የተኛችው ለምን እንደሆነ አሁን ገባው፤ ከዚያው ፔርሙዝ ጠጥታለች።

ናስር በሁለተኛው ጊዜ ጣቢያ ተቀምጦ ነበር። እንደሻው ‘እርስዎ’ ማለቱን ትቷል። ቤትህ ሲፈተሽ የተገኘው ክኒን የማን ነው አለው። የኔ ነው፣ ሐያት ከሞተች ጀምሮ ያለ እሱ ተኝቼ አላውቅም አለ። ጾሙን ሲጠይቀው ግን መልሱ ስለ ሀሚድ ሆነ።

“እግሬ ላይ ወድቆ ልጅህን የገደልኩት እኔ ነኝ አለኝ” አለ። “ይቅር አልኩት። ከዚያ ማሽኑን አመጣና በሽታ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ማለት ጀመረ። ታዲያ እኔ ይቅር ያልኩት ማንን ነው? ሐሙስ በመጣ ቁጥር እንቅልፍ አገኘሁ፣ አልሐምዱሊላህ ይለኛል። ሐኪሟ ምን እንደከለከለችውም የነገረኝ ራሱ ነው።”

“መብራት የሚጠፋበትን ቀን ጠብቀህ፣ ማሽኑ በማይሠራበት ሌሊት አስተኛኸው።”

“ማሽኑን አይደለም የፈራሁት። እሷን ነው። እሷ ነቅታ ሀሚድ አይሞትም። ለሁለት የሚበቃ ነው የጨመርኩት።”

እንደሻው ለናፊያ የማረፊያ ቤቱን በር ራሱ ከፈተላት። አጥፍቻለሁ አላት፤ ይቅርታ ማለት ልማዱ ስላልሆነ ቃሉ አጭር ሆነበት። አሕመድ በር ላይ የቤቱን ቁልፍ ይዞ ቆሟል፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። የሆነውን ሁሉ ሲነግሯት አልጮኸችም። አንድ ነገር ብቻ መልሳ ጠየቀች።

“ናስር እንደምጠጣው በምን አወቀ?”

መልሳቸውን አልጠበቀችም።

“ሀሚድ ነግሮት ነው” አለች። “ሳላካፍላት አልጠጣም እያለ ለሰው ሁሉ ይናገር ነበር።”

ከዚያ ጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።