ከነጠላዋ ጫፍ የታሰረው ጸሐፊ

በመተማ ገበያ ዳር ካለው የዲማ ዛፍ ሥር የሚቀመጠው ያረጋል፣ ሲጽፍ ብዕሩን የመላስ ክፉ ልማድ ነበረበት። በዚህ የተነሳ ከንፈሩ ክረምት ከበጋ ጥቁር ነው። ሰው ሁሉ ይስቅበታል። ነገር ግን እሱ የጻፈው ማመልከቻ ሹም ፊት ቀርቦ ወድቆ ስለማያውቅ፣ የሳቀው ሁሉ ስቆ ሲያበቃ ተራውን ይጠብቃል።

ጊዜው ታኅሣሥ ፲፱፻፴፬ ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ከጎንደር ከወጣ ገና ወር ቢሆነው ነው። መንግሥት ወደ ቦታው ሲመለስ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው ወረቀት ነበር። ድሮ ለሹም ሣር የሚያቀርብ ሰው ሣሩን ተሸክሞ ይሄዳል፤ አለቀ። አሁን ግን «ዋጋህን ጽፈህ፣ በፖስታ አሽገህ፣ ተጫረት» ተባለ። ሣር አጫጁም፣ እንስራ ሠሪዋም፣ ገመድ ገማጁም ግራ ገባቸው። የእጃቸውን ሥራ እንጂ ፊደል የት ያውቃሉ?

ያረጋል ሁሉንም በየተራ ያስቀምጥና ይጠይቃቸዋል። ስንት ማቅረብ ትችላለህ? ብትታመም ማን ይተካሃል? ዕቃው ቢሰበር ምን ታደርጊያለሽ? ከዚያ ይጽፋል። «መንግሥት የሚፈልገው ርካሽ ሰው ብቻ አይደለም፣ የማይቀር ሰው ነው» ይላቸዋል። በዚህ ዘዴ ለአንዷ መበለት የግዛት ቤቱን እንስራ፣ ለሁለት ወንድማማቾች የጣሪያውን ሣር አስገኝቶላቸዋል። ታዲያ አንድ ሕግ አለው፤ የአንዱን ዋጋ ለሌላው አይናገርም። ለዚህም በአቦ ምሏል።

አንድ ማለዳ ስድስት አህያ የምትነዳ ልጅ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ጸሐፊው አንተ ነህ?»

«ከንፈሬ አይናገርም?»

ልጅቱ ልትስቅ ቃጣትና ተወችው። አየሁሽ ትባላለች። ከወንዙ አሸዋ ውሃ ቆፍራ፣ በቆዳ ስልቻ ሞልታ፣ በአህያ እየጫነች ለከተማው ትሸጣለች።

«የድንበሩን ኬላ ውሃ እኔ ማቅረብ እፈልጋለሁ» አለችው። «ለዓመት የሚሆን ሥራ ነው። ካላገኘሁት አክስቴ አህዮቹን ሸጠው ገለጉ ይወስዱኛል።»

«ገለጉ ምን አለ?»

«አንድ ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ አለ። አርባ ላም አለው፤ ጥርስ ግን የለውም።»

ያረጋል ብዕሩን ላሰ። ይህች ልጅ ገለጉ እንዳትሄድ ድንገት ቸኮለ፤ ለምን እንደቸኮለ ግን ለራሱም አልነገረውም።

«እሺ፣ በክረምት ውሃውን ከየት ታመጪያለሽ?»

«በታኅሣሥ ክረምትን ማን ያስባል?»

«ኬላው በክረምትም ይጠማዋል።»

አየሁሽ አስባ ነገረችው። ክረምት ወንዙ ይደፈርሳል፣ የአሸዋው ጉድጓድም ይደፈናል። ያን ጊዜ ከተራራው ሥር ካለችው ምንጭ መቅዳት ነው፤ መንገዱ ጥቁር ጭቃ ነው፣ ሆኖም አህዮቿ ለምደውታል። ያረጋል ይህን ሁሉ ከዋጋው በታች በሁለተኛው አንቀጽ አሰፈረው። ዋጋዋ ላራት ስልቻ ሦስት ግርሽ ነበር።

ቀና ሲል ከንፈሩን እያየች ነው። እሱም ዓይኗን አየ። ከአህዮቹ መሪ የሆነችው ዳማ ያን ጊዜ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ባዶ ወረቀት አንስታ በላች፤ መተያየቱም በዚሁ አበቃ።

በአምስተኛው ቀን ኸሊል መጣ። ኸሊል አሥር ግመል ያለው፣ ሳቂታና ጨዋ የጨው ነጋዴ ነው።

«የኬላውን ውሃ ጻፍልኝ» አለው። «ላምስት ስልቻ ሦስት ግርሽ።»

ያረጋል እጁ ቆመ። ከአየሁሽ ዋጋ በጥቂት ብቻ ዝቅ ያለ ነው። «አያ ኸሊል፣ ይህን ዋጋ ከየት አመጡት?»

«ከአላህ!» አለ ኸሊል በሳቅ።

ሕግ ሕግ ነውና ያረጋል ሳይወድ ጻፈ። ስለ ክረምቱም ጠየቀው። ኸሊል ግን «ለክረምቱ አላህ ያውቃል፤ አንተ ዋጋውን ብቻ ጻፍ» አለው።

ፖስታው የተከፈተ ዕለት የኬላው ሹም ዋጋ ዋጋውን ብቻ አነበበና ሥራው ለኸሊል ሆነ አለ። «ቅር ያለው ሸሕዲ ካሉት ከፊታውራሪ ውባንተ ዘንድ አቤት ይበል።»

አየሁሽ ወደ ዲማው ሮጠች። ያረጋል ብዕሩን ከአፉ ሳያወጣ፣ «በሕግ አምላክ! እንዳትንቀሳቀስ!» አለችው። የሕግ አምላክ የተጠራበት ሰው መቆም አለበት፤ ቆመ። እሷም የነጠላዋን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር አድርጋ፣ አህያ እንደሚጭን ሰው በጉልበቷ ተደግፋ ቋጠረችው። የአገሩ ደንብ ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይሄዳሉ፣ ዳኛ ካላዘዘም አይፈቱም።

«ዋጋዬን ሸጥከው!»

«አልሸጥኩም።»

«ታዲያ ማን ነገረው? ወረቀቱን የምናውቅ እኔና አንተ ብቻ ነን!»

ገበያው ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ሴትና ወንድ መቋጠራቸው ነውር ነው ቢሉ፣ የአየሁሽ አክስት እትዬ ካሰች «እኔ አብሬ እሄዳለሁ» አሉና ነገሩን ዘጉት። ሸሕዲ ለገለጉ መንገድ ግማሽ ይመስል፣ ከዚያው ሊያልፉ ጓዛቸውን ጭምር ጫኑ።

ያን ሌሊት ሁለቱ እንደተቋጠሩ እትዬ ካሰች መካከላቸው ቁጭ ብለው አደሩ፤ በማግስቱም ጎህ ሲቀድ ተነሱ። እትዬ ካሰች ዳማ ላይ ተቀምጠው ገና ከተማው ሳያልቅ አንቀላፉ። ሁለቱ ከኋላ ይከተላሉ። እሷ ስትቸኩል እሱ ይጎተታል፤ እሱ እሾህ ሊያወጣ ሲጎነበስ እሷ ወደ ኋላ ትወድቃለች።

ፀሐይ ሲከር ያረጋል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አየሁሽ፣ አንዴ ቁጥቋጦ ጀርባ... ደርሼ መምጣት አለብኝ» አላት።

«ሳትፈታ?»

«ሳልፈታ።»

አየሁሽ ነጠላዋን እስከሚችለው ዘረጋችለትና ፊቷን ወደ ሱዳን አዞረች። ያረጋል ተመልሶ ሲመጣ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ግን «ቁጣ ነው» አለችው።

ዳማ ሰነፍ አህያ ናት፤ ካልዘፈኑላት አትሄድም። ጥቂት እንደሄዱ ቆመች። አየሁሽም ዘወትር እንደምታደርገው አፏ ሳይታወቃት ተከፈተ።

*ተነሽ ሂጂ ዳማ፣ ምን ያስቆምሻል፣*
*ላራት ስልቻ ውሃ፣ ሦስት ግርሽ ይበቃሻል።*

ያረጋል ባለበት ደረቀ። ነጠላው ሲይዛት አየሁሽ ልትወድቅ ነበር።

«ምን ሆንክ?»

«አሁን ለአህያዋ ምን አልሻት?»

«ምንም አላልኳትም። ሂጂ አልኳት።»

«ዘፈንሽ።»

«እኔ? እኔ ዘፋኝ ነኝ?» ብላ ተቆጣች። የምሯን ነበር። እንጀራ የሚበላ ሰው ስንት ጊዜ እንዳኘከ አያውቅም፤ አየሁሽም በቀን ስድስት ጊዜ ከወንዙ ስትመላለስ፣ በልቧ ያለውን ሁሉ ለዳማ እየዘፈነች መሆኑን አታውቅም። ግመል የሚያጠጣው ኸሊል ደግሞ ወንዙ ዳር ነው የሚውለው።

ያረጋል ደስታው ሊገድለው ደረሰ። ነጻ ወጣ! ሊነግራት አፉን ሲከፍት ዳማ እንደገና ቆመች፤ አየሁሽም ቀጠለች።

*ብዕር እየላሰ፣ ቀለም ጠጣ መሰል፣*
*ከንፈሩ ጠቁሮም፣ ያምራል እንደ ከሰል።*

የከፈተውን አፍ ዘጋው። ጆሮው ጋለ። የመጀመሪያውን ስንኝ ከነገራት ሁለተኛውንም ልታውቅ ነው። ወንዝ የወረደ ሁሉ እንደሰማው ስታውቅ ደግሞ በእፍረት ብቻ እስከ ገለጉ ትሮጣለች። ችሎት ፊትማ እንዴት ይወራል? እንግዲህ ምርጫው ወይ የራሱን ስም ወይ የእሷን መጠበቅ ነው። ወዲያው የእሷን መረጠ፤ እንዲህ የሚመርጥ ሰው አፍቅሯል ማለት ነው።

መንገዱን ሁሉ የዘፈኑን ነገር አላነሳም። ዳማ ስትፈጥን ብቻ፣ «እባክሽ ትረፍ፣ አህያዋ ደክሟታል» ይላል። አህያዋ በቆመች ቁጥር ይዘፈናላ።

ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ሸሕዲ ደረሱ። ፊታውራሪ ውባንተ ዳስ ሥር ተቀምጠው ችሎት ላይ ነበሩ። ኸሊልም በግመል ቀድሟቸው ደርሷል። አየሁሽ ክሷን ተናገረች።

«አንተሳ፣ ምን ትላለህ?» አሉት ፊታውራሪ።

«አልሸጥኩም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ዋጋው እንዴት ወጣ?»

«አውቃለሁ፤ ግን አልናገርም።»

«ምስክር የለህም?»

«አለኝ፤ አልጠራም። የሰው ገመና ነው።»

ዳሱ አጉረመረመ። ፊታውራሪም ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲያው ቃልህን አጥፈሃል። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግዛት ለማንም እንዳትጽፍ።»

ያረጋል እጅ ነሣ። ድሉ የአየሁሽ ነበር፤ እሷ ግን ደስ አላላትም። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ወደ ራሷ አስጠጋችው። «ለምን አትናገርም?» አለችው በሹክሹክታ። «ተናገር እንጂ!»

«አልችልም።»

ያን ጊዜ ኸሊል ተነሳ። «ወላሂ ይህ ግፍ ነው! ጌታዬ፣ ለእኔ ዋጋውን የነገረችኝ ራሷ ናት።»

«መቼ? እኔ?» ጮኸች አየሁሽ።

«በየቀኑ! ወንዝ ዳር! እኔ ብቻ ሳልሆን ግመሎቼም ያውቁታል።» ኸሊል ቅን ሰው ነው፤ ቅን ሰው ደግሞ የጀመረውን መሃል ላይ አይተውም። በዚያ በወፍራም ድምፁ ላራቱን ስልቻ ዘፈነ። ዳሱ ሳቀ። ሳቅ ያበረታው ኸሊል ብዕር የሚልሰውንም፣ ከሰሉንም ጨምሮ እስከ ፍጻሜው ዘለቀው።

አየሁሽ ነጠላዋን በፍጥነት አንስታ ፊቷን ሸፈነች። ነጠላው ግን ብቻውን አልነበረም፤ ጋቢው ተከተለ፣ ጋቢውንም ባለቤቱ ተከተለ። ሁለቱ በአንድ ጨርቅ ሥር ፊት ለፊት ተገናኙ። ውጭ ሰው ሁሉ ይንከተከታል።

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«ለዚህ ብለህ ነው እንጀራህን የተውከው?»

«እንጀራ ሌላ ይገኛል። አንቺ ካፈርሽ ግን ገለጉ ትሄጂያለሽ።»

አየሁሽ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። «ከንፈርህ እውነትም ከሰል ነው» አለችው።

ፊታውራሪ ዕንባቸውን ጠርገው፣ «ኧረ ከዚያ ውጡ!» አሉ። «ጸሐፊው ነጻ ነው፤ ፍርዴን አንስቻለሁ። ዋጋዋን ያወጣችው ግን ራሷ ስለሆነች ጨረታው...»

«ጌታዬ» አለ ያረጋል፣ ጋቢውን ከራሱ ላይ ሳያወርድ። «የሷ ወረቀት ሁለተኛ አንቀጽ አለው። ያነበበው የለም። ይነበብልን።»

ከኬላው ሹም ከተላኩት ወረቀቶች መካከል ወጥቶ ተነበበ። ፊታውራሪ ጭቃው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ኸሊል፣ ግመሎችህ ክረምት ከምንጩ ይቀዳሉ?»

ኸሊል ራሱን አከከ። ወደ ግመሎቹ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ። መዋሸት አይሆንለትም። «ግመል ጭቃ ላይ ጌታዬ... እንደ ሰከረ ሙሽራ ነው። አንዴ ከተንሸራተተ እግሩ ይሰበራል።»

«እንግዲያውስ የኬላው ውሃ ለአየሁሽ ሆነ። ዋጋሽን ላምስት ስልቻ ወደ ሦስት ግርሽ ታወርጃለሽ?»

አየሁሽ ወደ ያረጋል አየች። ያረጋል በዓይኑ አይሆንም አላት። «ላራት፣ ጌታዬ» አለች። «ከዚያ ካነሰ አህዮቼ በክረምት አይቆሙም። የወደቀ አህያ ደግሞ ኬላውን አያጠጣም።»

«ይሁን ላራት። ዋስ አለሽ?»

«እኔ አለሁ!» አለ ኸሊል፣ ደረቱን እየመታ። «ለውሃውም፣ ለሌላም ነገር ካለ።»

እትዬ ካሰች ይህን ሲሰሙ ምንም ሳይሉ ከዳማ ላይ የገለጉን ጓዝ ማራገፍ ጀመሩ።

ፊታውራሪ አንዱን ዘበኛ፣ «በል ፍታቸው» አሉት። ዘበኛው ቋጠሮውን ታገለ። በላብ ጠብቆ፣ በአቧራ ደርቆ እምቢ አለው። ቢላዋ ሲያወጣ አየሁሽ እጁን ያዘች።

«ተወው ወንድሜ። መመለሻችንም አንድ መንገድ ነው።»

ጥር ላይ በሰማንያ ተጋቡ፤ ዋሱም ኸሊል ነበር።

ከዚያ ወዲህ መተማ ላይ ጨረታ በወጣ ቁጥር፣ ፖስታው ተከፍቶ እስኪነበብ ድረስ አህዮቹን የሚነዳ ያረጋል ነው። ድምፁ ለዘፈን የማይሆን ስለሆነ ዳማ በየሃያ እርምጃው ትቆምበታለች። አየሁሽ ደግሞ ያን ሳምንት ዲማው ሥር ተቀምጣ፣ የመጡትን ሰዎች «ክረምትስ?» እያለች ትጠይቃለች፤ ያረጋል ማታ ሲመለስ ይጽፈዋል። ያቺን የከሰሏን ዘፈን ግን፣ ዋጋ የለባትምና፣ በፈለገች ጊዜ እንድትዘፍናት ባሏ ፈቅዶላታል።