ሾሊት አረፋ የለበሰች ቀን

ልጆች፣ ቀረብ በሉ። ልብስ ላይ ሽሮ አፍስሶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። እኔም አውጥቻለሁ፣ አትፈሩ።

ይህ ታሪክ የሚጀምረው በአንዲት ጉርሻ ሽሮ ነው። ጉድ ያመጣች ጉርሻ ናት።

ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ ስድስት ነው። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፣ ስትስቅ በመሃሉ ምላሷ ይታያል።

ቤታቸው ከሾሊት ወንዝ ዳር ነው። ሾሊት በክረምት ትልቅ ወንዝ ናት፤ ድንጋይ ታንከባልላለች። በበጋ ግን ትከሳለች፤ ዶሮ እንኳን ትሻገራታለች።

አንድ የበጋ ቀን ትርንጎ ምሳዋን ስትበላ ጉርሻው ከእጇ አመለጣት። ጠብ!

የት ላይ? የአባቷ ጋቢ ላይ። ነጩ ጋቢ ላይ። ነገ ለአክስቷ ሠርግ የሚለብሰው አዲሱ ጋቢ ላይ!

ልቧ ድው ድው ድው አለ።

አባቷ እርሻ ነው። እናቷ ለሠርጉ ሥራ ጎረቤት ሄዳለች። ቤት ያለችው ድመቷ ብቻ ናት፤ እሷም አይታ እንዳላየች ፊቷን አዞረች።

«ሳይመጡ አጥበዋለሁ» አለች ትርንጎ።

ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ቅል አለ። ቅሉ ውስጥ እናቷ ወቅጣ የዘፈዘፈችው እንዶድ አለ።

እንዶድ ታውቃላችሁ? ትንንሽ የቁጥቋጦ ፍሬ ነው። ደርቆ ሲወቀጥና ውሃ ሲነካው አረፋው ጉድ ነው። ነጭ ልብስ እንደ ወተት ያነጣል።

ታዲያ በዚያ መንደር አንድ ሕግ አለ። በበጋ ወንዙ ውስጥ በእንዶድ አይታጠብም። ውሃ ይቀዳል፣ ራቅ ተብሎ ይታጠባል፣ እጣቢው ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል።

ሕጉን ልጅ አዋቂው እየዘፈነ ያውቀዋል፦ «እንዶድ ወዲያ፣ ወንዝ ወዲህ። እንዶድ ወዲያ፣ ወንዝ ወዲህ።» እስቲ እናንተም በሉት።

ትርንጎም ታውቀዋለች። ማወቅማ ታውቀዋለች። ግን እንዲህ ብላ አሰበች፦ «ሕጉ የትልልቅ ሰዎች ነው። እኔ ትንሽ ነኝ። የእኔ እጥበትም ትንሽ ነው።»

ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ ቅሉን አቀፈች፣ ቁልቁል ወረደች። ጋቢው ከኋላዋ መሬት ለመሬት ይጎተታል። ሽርርር፣ ሽርርር። ይኼኔ ምን ያህል እንደቆሸሸ አትጠይቁኝ።

ከታች ሾሊት ኩሬ ሠርታ የምታርፍበት ቦታ አለ። ውሃው እስከ ትርንጎ ጉልበት ነው። እዚያ ዓሦች ይኖራሉ።

ከሁሉም ትልቁ ሪዛሙ ነው። እውነተኛ ሪዝ አለው፤ ከአፉ ግራና ቀኝ እንደ ክር ይንጠለጠላል። ትርንጎ በየቀኑ «ሪዛሙ፣ እንዴት ዋልክ?» ትለዋለች። እሱም አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ዛሬ ግን ሰላምታ የለም፤ ቸኩላለች።

ትንሽ እንዶድ ጠብ አደረገች። ሽሮው አልለቀቀም። ትንሽ ጨመረች። አሁንም አልለቀቀም። ከዚያ ቅሉን ገለበጠችው። ቡልቅ!

ዳር ላይ ቆማ አሸች፣ አሸች፣ አሸች። አረፋው እስከ ቁርጭምጭሚቷ መጣ። እስከ ጉልበቷ መጣ። አፍንጫዋ ላይ ጉብ አለ።

ሾሊት ነጭ አረፋ ለበሰች። ትርንጎ ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም።

ከአረፋው ሥር አንድ ትንሽ ዓሣ ብቅ አለ። በጎኑ ነው የሚዋኘው። ሌላ ዓሣ ብቅ አለ። ሆዱ ወደ ላይ ነው።

ከዚያ ሪዛሙ መጣ። አፉን ከፈተ። አልዘጋውም።

ልቧ ድው ድው ድው አለ።

አያችሁ፣ እንዶድ ለጋቢ ሳሙና ነው። ለዓሣ ግን መርዝ ነው። ሕጉ የወጣው ለዚህ ነበር።

«ሂድ፣ ሂድልኝ» አለችው አረፋውን። በሁለት እጇ ገፋችው። አረፋው ግን የት ይሂድ? ውሃው ቆሟል፣ ንቅንቅ አይልም።

በበጋ የሾሊት ውሃ ከላይ በአራት ቦዮች ወደ ማሳ ይገባል። ውሃው ትንሽ ነው፣ ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ስለዚህ በየቦዩ ሁሉም በየተራው ያጠጣል፤ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው።

ተራውን የሚደለድሉት አቶ ደምለው ናቸው። መንደርተኛው መርጦ የሾማቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሁሉ «የውሃ አባት» ይላቸዋል።

ትርንጎ ቆማ አሰበች። ቤት ገብታ ዝም ብትልስ? ማንም አላያትም። የውሃ አባት ዘንድ ሄዳ ብትናገርስ? ያኔ ሁሉም ያውቃል።

እግሯ ወደ ቤት ዞረ። ዓይኗ ግን ወደ ሪዛሙ ዞረ። ሪዛሙ ሪዙን ነቅነቅ አደረገ፣ በጣም ትንሽ።

ትርንጎ ወደ ላይ ሮጠች። ቱር ቱር ቱር ቱር!

የውሃ አባት የመጀመሪያው ቦይ አፍ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጋሽ ስንሻው ሽንኩርታቸውን ያጠጣሉ። ጋሽ ስንሻው ኮስታራ ናቸው። የመንደሩ ልጆች «እሳቸው የሳቁ ቀን በቅሎ ትወልዳለች» ይላሉ።

«አባባ፣ እንዶዱ፣ እኔ...» አለች ትርንጎ። ታለከልካለች።

«ቀስ በይ ልጄ፤ መጀመሪያ ተንፍሺ» አሉ የውሃ አባት።

ተነፈሰች። «የአባዬ ጋቢ ላይ ሽሮ አፈሰስኩ። ከዚያ ወንዙ ውስጥ በእንዶድ አጠብኩት። ዓሦቹ ሊሞቱ ነው።» ከዚያ አለቀሰች።

«ስንት እፍኝ እንዶድ ነው?»

«ቅሉን ሙሉ።»

«ወይ ልጄ» አሉ የውሃ አባት። አልተቆጡም፣ አልሳቁም። ከተቀመጡበት ተነሡ። «መርዙን የሚያቀጥነው ብዙ ውሃ ነው። ቦዮቹ ሁሉ ይዘጉ፣ ሾሊት ትውረድ።»

የውሃ አባት ጋሽ ስንሻውን አዩ። ትርንጎም አየቻቸው።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ ጋሽ ስንሻው። «ስምንት ቀን ጠብቄ ዛሬ ገና ተራዬ ደረሰ። ሽንኩርቴ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ዓሣው መጥቶ ያጠጣልኛል?»

«አያጠጣልህም» አሉ የውሃ አባት። «ግን ማታ ከብቶቻችን የት ሊጠጡ ነው? የታች ሰፈር ሰውስ ከየት ሊቀዳ ነው?»

ጋሽ ስንሻው ሽንኩርታቸውን አዩ። ውሃው ገና ግማሹ መደብ ላይ ነው የደረሰው።

ትርንጎ ሪዛሙን አሰበች፤ ከታች አፉን እንደከፈተ ነው። ልቧ ድው ድው ድው አለ።

ጋሽ ስንሻው አካፋቸውን አነሡ። «የዘንድሮ ልጆች እኮ» እያሉ አጉረመረሙ። እያጉረመረሙ ጭቃ ዛቁ። እያጉረመረሙ የቦዩን አፍ ዘጉት። ድፍት!

የውሃ አባት ከወገባቸው ያንጠለጠሉትን የበሬ ቀንድ ነፉ። ጡ! ጡ! ጡ! ሦስት ጊዜ ሲነፋ «ወንዙ ተቸግሯል» ማለት ነው።

«ቦይህን ዝጋ፣ ውሃው ይውረድ» ብለው ተጣሩ። ከላይ ያለው ሰው ሰማ፣ ለበላዩ ሰው አሰማ። «ቦይህን ዝጋ፣ ውሃው ይውረድ።» እናንተም ተቀበሉ።

ሁለተኛው ቦይ ተዘጋ። ድፍት! ሦስተኛው ቦይ ተዘጋ። ድፍት!

አራተኛው ጋ መልስ የለም። ባለ ተራው ለምሳ ቤቱ ገብቷል። ጋሽ ስንሻው አካፋቸውን ይዘው ዳገቱን ሮጡ፤ እየሮጡም ያጉረመርማሉ። ድፍት!

ቀንዱን የሰማ ሁሉ ወደ ኩሬው ወረደ። ሴቶች በባልዲ፣ ልጆች በጆግ አረፋውን ጨልፈው ራቅ ወዳለ ጉድጓድ ደፉ። አንዱ ጎረምሳ «እስከ ማታ እንዳትቀዱ» ሊል ወደ ታች ሰፈር ሮጠ።

የትርንጎ እናትም መጣች። አረፋውን አየች፣ ጋቢውን አየች፣ ልጇን አየች። «ትርንጎ፣ ምን አድርገሽ ነው?» አለች። ከዚያ መቀነቷን አጥብቃ እሷም መጨለፍ ጀመረች።

አባቷም ከእርሻ መጣ። ምንም አልተናገረም። የማይናገር አባት ከሚቆጣ አባት ይልቅ ያስፈራል፣ አይደል?

ግን ውሃው የት አለ?

«መጣ?» አለች ትርንጎ። «አልመጣም» አሉ የውሃ አባት። «መጀመሪያ የደረቀው ጠጠር ይጠጣል።»

አንድ ሌላ ዓሣ ተገለበጠ። «መጣ?» «አልመጣም።»

ሪዛሙ መንቀሳቀስ አቆመ። ትርንጎ ውሃው ዳር ቁጢጥ አለች፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አሁንስ፣ መጣ?»

የውሃ አባት ጆሯቸውን ወደ ላይ አዘነበሉ። ሁሉም መጨለፉን አቆመ።

ሹ... አለ አንድ ነገር ከሩቅ።

ሹሹ... ሹሹሹ...

መጀመሪያ ደረቅ ቅጠልና ገለባ መጣ። ከኋላው ቀጭን ውሃ መጣ። ከኋላው ወፍራም ውሃ መጣ። ሹሹሹሹሹ!

ሾሊት ኩሬው ውስጥ ገባች። አረፋውን ገፋችው፣ በተነችው፣ ይዛው ወረደች። ውሃው ትርንጎ ቁጢጥ ያለችበት ሲደርስ አባቷ ብብቷን ይዞ ወደ ላይ አወጣት።

አንድ ትንሽ ዓሣ ጭራውን አወዛወዘ። ተቃና፣ ሆዱን ወደ ታች አድርጎ ዋኘ። ሌላውም ተከተለው። ሌላውም።

ሰባት ዓሦች ግን አልተነሡም። ቢጠበቁም፣ ቢጠበቁም አልተነሡም። ይህን መደበቅ አልችልም።

ትርንጎ ሰባቱን አንድ በአንድ በእጇ ሰበሰበች። ጋሽ ስንሻው በአካፋቸው ትንሽ ጉድጓድ ቆፈሩላት። በዚህ ጊዜ አላጉረመረሙም።

ሪዛሙስ? ሪዛሙ እንደ ግንድ ተንሳፍፏል። ውሃው ወደ ግራ ይገፋዋል፣ ወደ ቀኝ ይገፋዋል።

«ሪዛሙ» አለች ትርንጎ ቀስ ብላ። «ይቅርታ።»

ሪዛሙ አፉን ዘጋ። ከፈተ። ደግሞ ዘጋ። ጭራውን አንድ ጊዜ መታ አድርጎ ሸርተት አለና ድንጋይ ሥር ገባ። ትርንጎ እዚያው ጭቃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

የውሃ አባት ሰዉን ሰበሰቡ። «ዛሬ ሌሊት ቦይ የሚከፍት የለም፤ ሾሊት ስትወርድ ትደር» አሉ። ሁሉም «እሺ» አለ። ጋሽ ስንሻውም ወደ ሽንኩርታቸው አየት አድርገው «እሺ» አሉ።

መሸ። ትርንጎ ታጥባ፣ ገንፎዋን በልታ፣ አልጋዋ ላይ ወጣች። አባቷ አጠገቧ ተቀመጠ። ጋቢውን የጠየቃችሁኝ እንደሆነ፣ የጭቃ ቀለም ይዟል፤ አባቷ ነገ ሠርጉ ቤት በአሮጌው ጋቢ ይሄዳል።

«አባዬ፣ ተቆጥተሃል?»

«ተቆጥቻለሁ» አላት አባቷ። ከዚያ ፀጉሯን ዳበስ አደረገ። «ደግሞ ሮጠሽ በመናገርሽ ኮርቻለሁ። ሁለቱም ልቤ ውስጥ አሉ።»

ትርንጎ ትንሽ አሰበች። «የጋሽ ስንሻው ሽንኩርትስ? ሊደርቅ ነው?»

«አይደርቅም። ሐሙስ የእኛ ተራ ነበር፤ ለእሳቸው ሰጠናቸው።»

«የእኛ ጎመንስ?»

«ከወንዙ ውሃ እየተሸከምን በጣሳ እናጠጣዋለን። እያንዳንዱን እግር።»

«እኔም አጠጣለሁ» አለች ትርንጎ። «ጎመናችን ስንት እግር ነው?»

«መቶ አርባ።»

ትርንጎ ጣቶቿን አየች። ዓይኗ በእንቅልፍ ከበድ ከበድ እያለ ነው።

«እኔ የምቆጥረው እስከ ሃያ ነው» አለች።

«አንቺ እስከ ሃያ ቁጠሪ» አላት አባቷ ብርድ ልብሱን እያለበሳት። «ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን እንቆጥራለን።»