የእልፍኝ አስከልካዩ ጉብኝት

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ሁለት ቀን፣ እሑድ፤ ኤግሊንተን ዌስት የተባለው ጎዳና ለባቡር ተቆፍሮ ነጋዴው ሁሉ በሚያማርርበት ዘመን፣ ሐጂ ሙኽታር ካባቸውን ደርበው ከልጃቸው ጋር በእጮኛዋ መኪና ቶሮንቶን ሊጎበኙ ወጡ። ነገ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ፤ ልጃቸውን ሉብናን ለሱፊያን ለመስጠት ግን ገና ቃላቸውን አልሰጡም፤ የሙሽሪት ወሊይ ናቸውና ያለ እርሳቸው ቃል ኒካሕ አይታሰርም።

ሐጂ በንጉሡ ዘመን በታላቁ ግቢ እልፍኝ አስከልካይ ነበርኩ ይላሉ፤ ሰፈሩም ያምናቸዋል። ስለዚህ ሱፊያን፣ ኢቶቢኮ ሰፈር በሚሠራበት መጋዘን የሚያፍረው ይህ ወጣት፣ አማቱን በግርማ ሊያሸንፍ አስቦ የቡድሃ ገዳምና ቤተ መንግሥት ሊያሳያቸው ቆረጠ፤ ከዚህ የከፋ ብልሃት አልነበረም።

በገዳሙ ደጅ ጫማቸውን አወለቁ። መነኩሴው እጅ ሲነሣ፣ ሐጂ አጸፋውን ከመመለስ ይልቅ ጎንበስ ብለው የምንጣፉን ጠርዝ ገለጡ።

«የፋብሪካ ነው» አሉ።

«ገዳም እኮ ነው ሐጂ» አለ ሱፊያን።

«ቢሆንስ? ድሃ ምንጣፍ አለ፤ ውሸታም ምንጣፍም አለ።»

ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ላይ ወዳለው የድንጋይ ግንብ ሄዱ፤ አንድ ቱጃር ለራሱ ያሠራው ቤት ነው።

«የንጉሥ ነው አላልከኝም?» አሉ ሐጂ ይህን ሲሰሙ።

«ማለቴ… ካስል ነው። ቲኬት ቡክ አድርጌያለሁ።»

«ቲኬት! አንተ ልጅ፣ ቤተ መንግሥት ደጅ ይጠናል እንጂ ቲኬት አይቆረጥለትም። ንጉሥና ነጋዴ ለማይለይ ሰው ልጄን አልሰጥም!»

ሉብና ስልኳን አወጣች። «አባዬ፣ የእርስዎም ግቢ ከሦስት ቀን ወዲህ ለጎብኚ ተከፍቷል። ይኸው፤ ሕዝቡ ቲኬት ቆርጦ እየገባ ነው።»

ሽማግሌው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። እልፍኙንም ዙፋኑንም አልፈለጉም፤ ጣታቸው ጓሮው ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ ገመድ ነበር። ሰኞ ሰኞ ዐሥራ ሁለት ሆነን ምንጣፍ የምናራግፈው እዚህ ነው። አቧራው እስከ ማታ ያስለን ነበር።»

ሉብና አልማረቻቸውም። «እልፍኝ አስከልካይም ምንጣፍ ያራግፋል እንዴ?»

ሐጂ ስልኩን መለሱላት፤ ከዚያም ወደ ሱፊያን ዞሩ።

«ሥራህ ምንድን ነው? እውነቱን።»

«መጋዘን ነው ሐጂ። ሳጥን ነው የማነሣው።»

«በል እንግዲህ። ሳልሄድ ኢማሙ ጋ ውሰደኝ፤ ቃሌን እሰጣለሁ።»

የዘመኑ ዜና መዋዕል ግቢውን ማን እንደከፈተ በትጋት መዝግቧል፤ ምንጣፍ ስላራገፉት ሰዎች ግን አንድ መስመር የለበትም። ታሪክን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ከእነዚያ ሰዎች አንዱ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ በጤና ኖሮ፣ ሰፈር ሙሉ ሰው እየጠየቀው፣ እርሱም አልተናገረም።